ሉፐስ የመከላከል አቅም ማነስ አይደለም

ሉፐስ እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ያልተመከርኩት ነገር የለም። ሽፈራው ጠጪ። ጥቁር አዝሙድ በማር ዋጪ። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድሽ ቅርጥፍ አድርጊ። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ "የመከላከል አቅምሽ ደክሟል፣ እሱን ገንቢ" ነው ነገሩ። ሰዎቹ በቅንነት እንደሚሉት አውቃለሁ። ሉፐስ ግን እንደዚያ አይሠራም። የእኔ መከላከያ አልሰነፈም። እንዲያውም ከልክ በላይ ይሠራል፤ ችግሩ ማንን እንደሚመታ ተምታቶበት የገዛ አካሌን ማጥቃቱ ነው። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ መድኃኒቴን የምወስድበት፣ የላብራቶሪ ውጤቴን የማይበት፣ ሐኪሜንም የምጠይቅበት መንገድ ተቀይሯል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ከእኔ ሕመም ይልቅ ስለ ሕዋሶቹ ይበዛል። ሐኪም አይደለሁም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ሐኪሞቼ ያስረዱኝንና ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ታሪኩን ባጭሩ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። መጀመሪያ የመጣው የጣቶቼ ሕመም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጠመኔ መጨበጥ አቃተኝ። ከዚያ ትኩሳት፣ የፀጉር መርገፍ፣ አልጋ የሚያስይዝ ድካም ተከተለ። አንድ ክሊኒክ ስሄድ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተባልኩ። ይህን ተብሎ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ በራሱ ብዙ የሚያስተማምን አይደለም። ድሮ የያዘን በሽታ ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ትኩሳቱ በረድ አለ፣ ተመልሶ መጣ። እንደገና ያው ምርመራ፣ ያው መድኃኒት።

ቀጥሎ በጉንጮቼና በአፍንጫዬ ላይ ሽፍታ ወጣ። ጠዋት ከተማሪዎች ጋር ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ፀሐይ ላይ ከቆምኩ ማታ ይብስብኛል። አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤቴ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። ሌላዋ "ማዲያት ነው" ብላ የፊት ክሬም ጠቆመችኝ። ስለ ክሬሙ አንድ ነገር ልበል። በየሱቁ ከሚሸጡት ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ሽፍታውን ለጊዜው ያጠፉትና ሐኪሙ ማየት ያለበትን ምልክት ይሸፍኑበታል። ማዲያት ደግሞ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም አያመጣም። የሉፐስ ሽፍታ ብዙውን ጊዜ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደውን መስመር ይዘላል። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ቀይ መስሎ ላይታይ ይችላል፤ እኔ ላይ ጠቆር ብሎ ነው የወጣው። ምች ያሉት ጎረቤቴ ግን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነበር። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ትዳሬን ሊያናጋ የደረሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ክትትል ስጀምር እንደ ደንቡ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስና ቪዲአርኤል ተመረመርኩ። ቪዲአርኤሉ ፖዘቲቭ ሆነ። ቂጥኝ አለብሽ ማለት ነው። ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ" አለችኝ። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የተባለውን አልጽፈውም። እሱ እኔን ጠረጠረ፣ እኔም እሱን። እርግዝናውም ብዙ ሳይቆይ ወረደ። በኋላ ሌላ ሐኪም የማረጋገጫውን ምርመራ አዘዘልን። የሁለታችንም ኔጌቲቭ ሆነ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ቪዲአርኤል የቂጥኙን ባክቴሪያ ራሱን አይፈልግም። ካርዲዮሊፒን ለሚባል የስብ ዓይነት የተሠራ አንቲቦዲ (መከላከያችን ጠላት ነው ያለውን ነገር ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) ደማችን ውስጥ አለ ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ለምርመራው የሚውለው ካርዲዮሊፒንም ከበሬ ልብ የሚወጣ ነው። ሉፐስ ካለብን ሰዎች አንዳንዶቻችን ደግሞ በገዛ ሰውነታችን ስብ ላይ አንቲቦዲ እንሠራለን። ቂጥኝ ሳይኖር ምርመራው ፖዘቲቭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሐኪሞች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለሉፐስ በወጡት መለያ መስፈርቶች ውስጥ እንኳ የሐሰት ፖዘቲቭ የቂጥኝ ምርመራ ተጠቅሷል። አንቲቦዲው ደም ያለ ቦታው እንዲረጋ፣ ፅንስም እንዲጨናገፍ ሊያደርግ ስለሚችል ውጤቱ ሐሰት ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። ሰፋ ያለ ምርመራ ይጠይቃል። ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ከመጣላታችሁ በፊት ማረጋገጫውን ተመርመሩ።

በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ጣቶቼን፣ ሽፍታውን፣ ቪዲአርኤሉን፣ የወረደውን እርግዝና፣ የደም ቆጠራውን አንድ ላይ ያየው ሰው እሳቸው ነበሩ። ነጭ የደም ሕዋሴ 3,100 ነበር። ከ4,000 በታች ዝቅተኛ ይባላል። ከእነሱ መካከል ሊምፎሳይት የሚባሉት ደግሞ 700 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ሁሉ ኤችአይቪ ድገሚ ነበር የሚለኝ። እኛ አገር ነጭ ሕዋስ ወረደ ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሐሜቱም ከዚያው ይነሳል። ኔጌቲቭ ሲሆን ደግሞ "ቆይተሽ እንደገና" ይባላል። ለማንኛውም ኤችአይቪ መመርመሩ ራሱ ተገቢ ነው፣ አትፍሩት። ኔጌቲቭ ከሆነ በኋላ ግን "ታዲያ ለምን ዝቅ አለ?" የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ሉፐስ ሲሉኝ የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነበር። "ዶክተር፣ ሕዋሶቼ ካነሱ በምን ኃይላቸው ነው የሚያጠቁኝ?" ሳቅ አሉ። "ልጄ፣ ያነሱትም እነሱ ናቸው፣ የሚያጠቁትም እነሱ ናቸው" ብለው የምርመራ መጠየቂያውን ወረቀት ገልብጠው መሳል ጀመሩ።

ሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዋስ ይሞታል። ጤናማ ሰው ላይ ማክሮፋጅ የሚባሉት ጽዳት ሠራተኞች የሞተውን ወዲያው ይውጡታል። ሉፐስ ላይ ይህ ጽዳት ይጓተታል። የሞተው ሕዋስ ይፈርስና ውስጡ የነበረው ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃው፣ ሜዳ ላይ ይቀራል። እኛ ሰፈር ቆሻሻ ሳይነሳ ካደረ ጅብ ይመጣል፤ ደም ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። የሚመጡት ግን የራሴው ሕዋሶች ናቸው።

መጀመሪያ የሚደርሱት ዴንድሪቲክ ከሚባሉት ወገን የሆኑ ሕዋሶች ናቸው። ሥራቸው ቫይረስ ማሽተት ነው። ሜዳ ላይ የወደቀውን የገዛ ዲኤንኤና አርኤንኤ ቫይረስ ነው ብለው ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ ኬሚካል ይለቃሉ። ኢንተርፌሮን ማለት ጉንፋን ሲይዘን ሰውነታችንን የሚቆረጣጥመንና የሚያደክመን ነገር ነው። ቀድሞ ለሄፓታይተስ ሲ በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎችም ኢንፍሉዌንዛ የያዛቸው ያህል ይሠቃዩ ነበር። ብዙዎቻችን ሉፐሱ ሲነሳብን እሱን ሳይወጉን ተሸክመነው ነው የምንውለው። ስለዚህ "ሰነፈች፣ እንቅልፍ አበዛች" ለሚላችሁ ቤተሰብ ይህን አስረዱልኝ። ድካሙ የባሕርይ ጉዳይ አይደለም፣ ደም ውስጥ የሚለካ ነገር ነው።

ቀጥሎ ቢ ሴሎች አሉ። አንቲቦዲ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ማንኛውም ሰው የራሱን አካል የሚያጠቁ ቢ ሴሎች ይወለዱበታል፤ አብዛኞቹ ግን ገና በእንጭጩ ይጠፋሉ ወይም ዝም ይሰኛሉ። ሉፐስ ላይ ከዚህ ማጣሪያ ብዙዎቹ ያመልጣሉ። ቲ ሴሎች ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥራ አላቸው። አንዱ ወገን ቢ ሴሉን ያበረታታል፣ ሌላው ያረጋጋል። እኛ ጋ አበረታቹ ያይላል፣ አረጋጊው ይዳከማል። ኒውትሮፊል የሚባሉትም አሉ፤ ባክቴሪያ ለመያዝ ከራሳቸው ዲኤንኤ የተሠራ መረብ ይወረውራሉ። ሉፐስ ላይ መረቡ ይበዛል፣ ሳይነሳም ይቆያል። ያ ደግሞ ሌላ ዲኤንኤ ሜዳ ላይ ማፍሰስ ነው።

ሊምፎሳይቶቹ፣ በዋናነት እነዚሁ ቢና ቲ ሴሎች፣ ለምን አነሱ? ከምንሠራቸው አንቲቦዲዎች አንዳንዶቹ ሊምፎሳይቶቹን ራሳቸውን ይመታሉ። ሕዋሶቹ ከጤናማ ሰው ይልቅ ቶሎ ይሞታሉ። የሚሞቱትም በፍርስራሹ ላይ ይጨመራሉ። የተረፉት ደግሞ ባለ በሌለ ኃይላቸው የሚሮጡ ናቸው። እንግዲህ ቁጥር ማነሱና ጥቃት መብዛቱ እንዲህ ነው አብሮ የሚሄደው። ከ10 የሉፐስ ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች መሆናችንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሴት ሆርሞኖችና በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያሉ ለመከላከያ የሚያገለግሉ ጂኖች ድርሻ አላቸው።

ነገሩ ድንቅ የሚለኝ ግን አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ማልኮም ሃርግሬቭስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሉፐስ ሕሙማንን መቅኔ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የሌላ ሕዋስ ኒውክሊየስ (ዲኤንኤው ያለበትን እምብርት) የዋጠ ነጭ ሕዋስ አገኘ። እስከዚያ ድረስ ሉፐስን በደም የሚያሳይ ነገር አልነበረም። ዛሬ የምንሠራው፣ ኒውክሊየስን የሚያጠቃ አንቲቦዲ የሚፈልገው ኤኤንኤ የተባለው ምርመራ የመጣው ያ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው። የሆነ ሰው የሆነ ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ባይል እኔ ዛሬም ለታይፎይድ እታከም ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ኤኤንኤ ሉፐስ ባለባቸው ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ፖዘቲቭ ነው። ጤነኛ ሰዎች ላይም ግን ይገኛል። እሱ ብቻውን ፖዘቲቭ ስለሆነ ሉፐስ አለብኝ ብላችሁ አታልቅሱ። ለዲኤንኤ የተሠራው አንቲቦዲ የበለጠ የሉፐስ ነው፤ ብዙዎቻችን ላይ ከበሽታው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ በሽታው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይወርዳሉ። አንቲቦዲና ዲኤንኤ ተጣብቀው ኩላሊት ላይ ሲከማቹ እዚያ ለሚነሳው እሳት ስለሚያልቁ ነው። እኔ ውጤት ስቀበል መጀመሪያ የማየው ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን ነው። ኩላሊት ሲጎዳ አያምም። እግር ያብጣል፣ ሽንት አረፋ ያበዛል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምልክት አይኖርም። ትኩሳት ሲነሳ ሐኪሞች ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉትን የብግነት መለኪያ የደም ምርመራዎች አብረው የሚያዙትም በምክንያት ነው። ሉፐስ ብቻውን ሲነሳ ኢኤስአር ከፍ ቢልም ሲአርፒ ብዙ ላይጨምር ይችላል። ሲአርፒ በጣም ከዘለለ ኢንፌክሽን ይፈለጋል። ሁሌ አይሠራም፣ ግን ጥሩ ፍንጭ ነው።

መድኃኒቱ። ዋናዬ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። የወባ መድኃኒት ወገን ስለሆነ ፋርማሲ ውስጥ "ወባ አለብሽ እንዴ?" ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1894 አንድ የለንደን ሐኪም ለሉፐስ ኩዊኒን የሚባለውን የድሮ የወባ መድኃኒት መስጠቱን ጽፎ ነበር፤ ዘመድነታቸው የቆየ ነው። መድኃኒቱ ሕዋሶቹ የወደቀውን ዲኤንኤ የሚያሸቱበትን ክፍል ያደነዝዛል፤ ኢንተርፌሮኑም ይቀንሳል። መከላከያን እንደ ሌሎቹ አያዳክምም። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ወራት ይፈጃል። ሁለት ሳምንት ወስዳችሁ "አልሠራልኝም" ብላችሁ እንዳትተዉት። መጠኑ በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ሲጀመር አንዴ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ምርመራ ያስፈልጋል። ኩላሊቱ የተነካ ሰው ቶሎ መጀመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ለኮቪድ ይሆናል ተብሎ ዓለም ሲሻማበት ከየፋርማሲው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍሬው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ግማሽ ላይ ሳለ ነው የምገዛው።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ሌላ ጉዳይ ነው። እሳቱን ቶሎ ያጠፋል፣ ዋጋም ያስከፍላል። ፊቴ ሲነፋ ሰው ሁሉ "አማረብሽ፣ ተመቸሽ!" ይለኝ ነበር። እያለቀስኩ አመሰግናለሁ። ይህን መድኃኒት በገዛ ፈቃድ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለሚያቆም ሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚያወርደው። ተኝቶ የቆየ ቲቢንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ከነበረ ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ። ሙቀታችሁ 38 ከገባ ቤት አትቆዩ።

ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ቢገቡ ማንንም አይጎዱም። በቴሌግራም የሚሸጠው "መከላከያ የሚያነቃቃ" ዱቄትና ኪኒን ግን ለእኛ አይደለም። የእኛ ነቅቶ አላስተኛ ብሎናል። በተለይ አልፋልፋና ኤኪናሺያ የሚል ካያችሁ ተዉት፤ ሉፐስን እንደሚቀሰቅሱ ተጽፎባቸዋል።

አሁን ወደ ፀሐይ ልመለስ። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር የቆዳ ሕዋሶችን ይገድላል። የሞቱት ሕዋሶች ከላይ የነገርኳችሁን ነገር ሁሉ እንደ አዲስ ያስጀምራሉ፤ ሽፍታው ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያውም ኩላሊቱም ሊነሳ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የዋህ ይመስለናል፤ ከፍታው ግን ጨረሩን ያበረታዋል። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ዛፍ የለውም። የታክሲ ሰልፉ ሜዳ ላይ ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብዙም አይከላከልም፤ ጃንጥላ፣ ረጅም እጅጌና ሰፊ ባርኔጣ ይሻላል። በበጋ ጃንጥላ ስይዝ ባልደረቦቼ "እመቤት" ይሉኝ ነበር፣ ለመዱት። ለርዕሰ መምህሩ የሐኪም ወረቀት አሳይቼ ከጠዋቱ ሰልፍ ነፃ ሆኛለሁ። የፀሐይ ክሬም ከቻላችሁ የመከላከያ ቁጥሩ (ኤስፒኤፍ) 50 የሚል፣ ካልሆነም ከ30 ያላነሰ ግዙ። ውድ ነው፤ ካልተቻለ ጃንጥላዋን አትርሱ።

የውኃው ነገር ሌላው ፈተና ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አራተኛ ፎቅ ደግሞ አይወጣም። ጀሪካን የሚያወጡልኝ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ጣት ሲያብጥ እምቢ ማለት መልመድ ግድ ነው፤ ለእኔ ከመድኃኒቱ የከበደኝ ይህ ነበር።

ፀበል እሄዳለሁ። መድኃኒቴንም ይዤ ነው የምሄደው። ፆም ላይ የጠዋቱ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ስለማይሆን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ለታመመ ሰው ፆሙ አይጠየቅም፣ ብይና ዋጪ" አሉኝ። የእናንተ አባትም ይህንኑ ሊሉ ይችላሉና ጠይቁ። መድኃኒት ጥላችሁ ኑ የሚላችሁ ሰው ካለ ግን ኩላሊታችሁን እሱ አይሸከምላችሁም።

መውለድ የምትፈልጉ፣ በሽታው ቢያንስ ለ6 ወር ተረጋግቶ ሲቆይ ነው የሚመከረው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝና ጊዜም ይቀጥላል። ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉት ሌሎች የሉፐስ መድኃኒቶች ግን ፅንስ ስለሚጎዱ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በስልክ የሚላክልኝ "ሉፐስ መድኃኒት ተገኘለት" የሚል ዜናም አለ። መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርመን ኤርላንገን ያሉ ሐኪሞች 5 የጠናባቸው ሕሙማንን ገና በጥናት ላይ ባለ ዘዴ ማከማቸውን አሳተሙ። የሕሙማኑን ቲ ሴል አውጥተው ቢ ሴልን እንዲያጠፋ ቀየሩትና መልሰው ሰጧቸው። በሽታው ጋብ አለ፣ ሌላ መድኃኒታቸውንም አቆሙ። እጅግ ውድ ነው፣ ጥናቱም ቀጥሏል። ለእኔ የጠቀመኝ ሐኪሜ የሣሉልኝ ሥዕል እውነት መሆኑን ማየቴ ነው። ቢ ሴሉ ሲጠፋ በሽታውም አብሮ ጋብ አለ።

እስከዚያው ገንዘባችሁን የት እንደምታውሉት ልንገራችሁ። አንዴ ፖዘቲቭ የሆነ ኤኤንኤ መድገም ለክትትል አይጠቅምም፤ ቁጥሩ ስለ በሽታው መብረድና መነሳት ብዙም አይናገርም። አንዳንድ ቦታ በየቀጠሮው ያዙታል። "ዶክተር፣ ይሄ ይቅርብኝና የሽንት ፕሮቲን፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) እና የደም ቆጠራ ይታዘዝልኝ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱ አንድ ላይ ከእሱ ሳይረክሱ አይቀሩም።